ውኃው ከላይ ነው የሚመጣው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች የሚደርሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ውኃ ናቸው። በዚህ ዙር ስለ ጎርፍ፣ ስለ ወንዝ ዳር፣ ስለ ምንጭና ስለ ረግረግ መሬት የመጡትን መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የጻፉልን ጉዳቱ ስለታየበት ቦታ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በየመልሱ "ከእናንተ በላይ ምን አለ?" ብንላችሁ አትገረሙ።

ከጅማ፣ ሄርማታ፦ አንዳንድ ቀን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል አዌቱ በአንዴ ቀልቶና ሞልቶ ይመጣል። ሽማግሌዎች ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ለምን ተለወጠ?

አዌቱ የሚሰበስበው ከከተማው በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የዘነበውን ጭምር ነው፤ እዚያ ጥሎ እናንተ ሰማይ ላይ ፀሐይ ሊኖር ይችላል።

ሽማግሌዎቹ የሚሉት ለምን እውነት እንደሆነ በቁጥር እንየው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውኃ ነው። 40 ሚሊ ሜትር የጣለ ብርቱ ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 400,000 ሊትር ያወርዳል። መሬቱ የቡና ጥላ ያለበት ጫካ ከሆነ የዛፉ ቅጠል ከላይ ይቀበለዋል፣ የረገፈው ቅጠል ከታች ይይዘዋል፣ አፈሩ ይጠጣዋል፤ ወንዝ የሚደርሰውም ቀስ እያለ፣ ከፊሉ ከሳምንታት በኋላ በምንጭነት ነው። ያው ዝናብ ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሲወርድ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቦይ፣ ከዚያም ወንዝ ውስጥ ይገባል። የዝናቡ መጠን ሳይጨምር የወንዙ ሙላት ከፍ የሚለውና ቶሎ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ቦዩን ላስቲክና ደረቅ ቆሻሻ ከዘጋው ደግሞ ውኃው መንገዱን ትቶ ግቢ ይገባል። ቀዩ ቀለም የሰው ማሳ ነው፤ ከተራቆተ ዳገት የታጠበ የላይኛው አፈር።

ወንዝ ዳር ልብስ ለሚያጥቡና ልጆቻቸው ለሚዋኙ፦ ውኃው ከፍ ከማለቱ በፊት ይደፈርሳል፣ ጭራሮና ቅጠልም መሸከም ይጀምራል። ያን ጊዜ ውጡ፤ እስኪሞላ አትጠብቁ። ጉልበት ላይ የደረሰ ፈጣን ውኃ ጤነኛ ጎልማሳ ይጥላል። "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ" የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

በቤታችሁ ልታደርጉ የምትችሉት አንድ ነገር አለ። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,800 ሊትር ያወርዳል፤ አሸንዳና ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ካላችሁ ያ ሁሉ ወደ ቦዩ አይሄድም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። በአሸንዳና በትነት የሚባክነውን 20 በመቶ ብንቀንስ እንኳ ይኸው ጣሪያ በዓመት 72,000 ሊትር ያህል ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ዝናብ መጀመሪያ ላይ የሚወርደውን 60 ሊትር ግን ወደ ውጭ አፍስሱት፤ የወፍ ኩስና አቧራ ያለው እሱ ላይ ነው።

ከቀርሳ፦ ማሳዬ ከግልገል ጊቤ ዳር ነው። ወንዙ በየዓመቱ በእኔ በኩል ይቆርሳል፣ ከማዶ ላለው ጎረቤቴ ደግሞ አሸዋና ደለል ይጨምርለታል። ድንጋይ ብቆልልም ወሰደው። የሚገርመኝ፣ የሚናደው ሲሞላ ሳይሆን ከጎደለ በኋላ ነው።

በደንብ አይተዋል፤ የመጨረሻው ትዝብትዎ የችግሩን ግማሽ ይነግረናል።

ወንዝ ሲታጠፍ ውኃው በመታጠፊያው ውጫዊ በኩል ይፈጥናል፣ ይጠልቃልም። ከላይ ያለው ውኃ ወደ ውጭው ዳር ይገፋል፣ እዚያ ደርሶ ወደ ታች ይጠልቅና ወለል ወለሉን ወደ ውስጠኛው ዳር ይመለሳል። እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ሲጠልቅ ከእርስዎ ዳር እግር ሥር አፈር ይፍቃል፣ ሲመለስ ደግሞ ደለሉን ወደ ውስጠኛው ዳር ይገፋና ከጎረቤትዎ ማሳ ሥር ይጥለዋል። ጎረቤትዎ ያደረሱት በደል የለም፤ ወንዙ ለዓመታት እየተጠማዘዘ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። ከመታጠፊያው ከፍ ብለው ገለባ ቢጥሉ ወደ እርስዎ ዳር ተጠግቶ ሲፈጥን ያዩታል።

አሁን ወደ ንደቱ። ሙላት ላይ ዳሩ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቢሆንም ከፊቱ ያለው የወንዝ ውኃ እንደ ክንድ ደግፎ ይይዘዋል። ወንዙ በአንድ ሌሊት ሲጎድል ድጋፉ ይነሣል፣ ውኃው ግን አፈሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ሥሩ ቀድሞ ተፍቋል፣ ላዩ ከብዷል፤ ስለዚህ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ይወድቃል። ከዳሩ 1 ወይም 2 ሜትር ገባ ብሎ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ በዚያ ላይ አይቁሙ፣ ከብትም አያሰማሩ።

ድንጋዩ የተወሰደው ከላይ ስለተቆለለ ይመስለናል። ውኃው ድንጋዩን ገፍቶ አልወሰደውም፤ ከሥሩ ቆፍሮ ጣለው። በድንጋዮቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ተጠቅሞ አፈሩን መጥጦ አውጥቶታል። ሥራው እንዲህ ቢሆን ይሻላል።

መጀመሪያ ይለኩ። በጥቅምት ከዳሩ 5 ሜትርና 10 ሜትር ገባ ብለው በሦስት ወይም በአራት ቦታ ካስማ ይትከሉ፤ በሚመጣው ጥቅምት ርቀቱን ይለኩ። ወንዙ በዓመት ከአንድ ሜትር በታች ከወሰደ በሣርና በዛፍ ሊይዙት ይችላሉ። ከሁለትና ከሦስት ሜትር በላይ ከሆነ ግን ሣር ብቻውን አይመክተውም፤ ገንዘብና ጉልበት ሳያባክኑ የወረዳውን የመስኖ ወይም የአፈር ጥበቃ ባለሙያ ይጥሩ።

ቀጥሎ ከዳሩ 10 ሜትር ስፋት ሳይታረስ ይተው። ማረሻ ሥሩን ይበጥሳል፣ ዝናብም በትልሙ ገብቶ ዳሩን ከኋላ ያረጥበዋል። ከብት የሚጠጣበትን ቦታ ወንዙ ቀጥ ብሎ ከሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ያድርጉ።

በጥርና በየካቲት፣ ወንዙ ሲያንስ፣ እንደ ግድግዳ የቆመውን ዳር ያጋድሙት፦ ለ1 ሜትር ከፍታ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር አግድም። እግሩ ላይ ከወንዙ ወለል በታች ቢያንስ ግማሽ ሜትር የሚወርድ ቦይ ቆፍረው ትልልቁን ድንጋይ እዚያ ውስጥ ይቅበሩ፤ በድንጋዩና በአፈሩ መካከል ጠጠር ይግባ። ውኃው ሲቆፍር የሚያገኘው አፈር ሳይሆን ድንጋይ መሆን አለበት። ከእግሩ ከፍ ብሎ አኻያ ይትከሉ፤ የአገራችን ወንዝ ዳር ዛፍ ነው፣ በቁራጭ ይበቅላል። የአውራ ጣት ውፍረትና አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ሁለት ሦስተኛው ከመሬት በታች ይሁን። ከዚያ በላይ ቬቲቨር ሣር፦ ከሁለት እስከ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ችግኝ፣ ቅጠሉ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ በ10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በአንድ መስመር፣ ዝናቡ እንደጀመረ። ሰፋ አድርገው ከተከሉት አጥር አይሆንም፤ ውኃው በመካከሉ መንገድ ያበጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን ከላይኛው ጫፍ፣ ዳሩ ገና ካልተቆረሰበት ቦታ ይጀምሩ። ከመካከል ከጀመሩ ወንዙ ከኋላ ዞሮ ይገባና ሥራዎን ደሴት ያደርገዋል። መታጠፊያውን ቆርጬ ቀጥ ላድርገው ብለው ግን አይነሡ። መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይጨምራል፣ ውኃው ይፈጥናል፤ ከእርስዎ በላይ ወለሉን መቆፈር፣ ከእርስዎ በታች ደግሞ የሌላ ሰው ማሳ መቁረስ ይጀምራል።

ከአጋሮ፦ የእኛ ዝናብ ወደ አባይ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ኦሞ?

የእናንተው ወደ አባይ፣ የጅማው ወደ ኦሞ። ከጅማ ወደ አጋሮ ሲመጣ የሚታለፈው ከፍታ ውኃ ከፋይ ነው። ከእሱ ወዲያ የወረደው በዲዴሳ አድርጎ አባይን ይቀላቀልና መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ወዲህ የወረደው ከአዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ጊቤ ይገባል። ጊቤ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ ይባላል፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ቱርካና ከሚያገኘው የወንዝ ውኃ ከ80 በመቶ በላዩ የኦሞ ነው። መውጫ ስለሌለው ውኃው የሚወጣው በትነት ብቻ ነው፤ ወንዙ ያመጣው ጨው ግን እዚያው ይቀራል፤ ሐይቁ ጨዋማ የሆነው በዚህ ነው።

ከደዶ፦ ማሳችን መካከል ቦረቦር ተፈጥሮ በየክረምቱ ወደ ላይ ያድጋል። በዘመቻ የድንጋይ ክትር ተሠራ፤ በሁለተኛው ዓመት ተበጥሶ ቦረቦሩ ሰፋ።

ቦረቦር የሚያድገው ከራሱ፣ ማለትም ከላይኛው ጫፉ ነው። ውኃው ከጫፉ እንደ ፏፏቴ ይወድቃል፣ ሥሩን ይቦረቡራል፣ ላዩ ይናዳል፤ ጫፉ አንድ እርምጃ ወደ ዳገቱ ሄደ ማለት ነው። ክትር ከታች ደለል ይይዛል እንጂ ይህን አያስቆምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከጫፉ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነው። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይውረድ፤ ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል፣ ካነሰ ደለል ሞልቶት ይፈስሳል። ውኃውን የሚጥለው ሣር በለበሰ ወይም ድንጋያማ በሆነ የተፈጥሮ መውረጃ ላይ ይሁን፤ የሰው ማሳ ላይ ከሆነ ጠብም ሌላ ቦረቦርም ይወልዳል።

የተበጠሰውን ክትር ሄዳችሁ እዩት። መካከሉ ከጎኖቹ ዝቅ ብሎ የተሠራ ማስተንፈሻ ነበረው? አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ላዩ ቀጥ ያለ ነው። ያን ጊዜ ውኃው በጫፍና በጫፍ ዞሮ የቦረቦሩን ግድግዳ ይቆፍራል፤ "ክትሩ ቦረቦሩን አሰፋው" የሚባለው እንዲህ ነው። መካከሉ ከጎኖቹ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ክትሩ ወደ ሁለቱም ጎንና ወደ ወለሉ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይግባ። ከታች በኩል ውኃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ ይነጠፍ፤ አለበለዚያ እዚያም ትንሽ ፏፏቴ ተፈጥሮ ክትሩን ከእግሩ ይጥለዋል።

ርቀታቸውን በግምት አትወስኑ። የታችኛው ክትር ማስተንፈሻ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ይህን ውኃ የሞላ የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ይዘው ሁለት ሰዎች ይለኩታል። ለምሳሌ ወለሉ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነና ማስተንፈሻው 1 ሜትር ከፍታ ካለው በየ10 ሜትሩ አንድ ክትር ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ከመሥራት ብዙ ትንንሽ መሥራት ይሻላል፤ ከአንድ ሜትር ብዙም አትለፉ። ደለል እንደያዘ ዝሆኔ ሣርና ሰስባንያ ትከሉበት፣ ከብት ከልክሉ። ቦረቦሩ መጀመሪያ የተፈጠረው በከብት መንገድ ላይ ከሆነ መንገዱን ሳታዛውሩ ሥራ አትጀምሩ።

ከማና፦ የቀበሌያችን ምንጭ በየካቲት ይመነምናል። አንዳንዱ ባሕር ዛፉ ጠጣው ይላል። ምንጩን ብናጎለብተው ይበረክታል?

ማጎልበት ውኃውን ከቆሻሻ ይጠብቃል፣ እንዳይባክንም ያደርጋል፤ ከመሬት የሚወጣውን አይጨምርም። ውኃው የሚጨምረው ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ብዙ ዝናብ ሲጠጣ ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ የሚባለው መሠረት አለው። ቅጠሉን አያረግፍም፣ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ስለዚህ ምንጩ በሚያንስበት በበጋ ወራት መጠጣቱን አያቆምም። ከምንጩ ዓይን በላይና ጎን ያለውን አንሡና የአገር ዛፍ ተኩበት። ባሕር ዛፍ ከምንጩ ከ50 ሜትር ወዲያ ቢሆን እንላለን፣ ከዚያም ቢርቅ ደስ ይለናል። ዳገቱ በጠቅላላ ታርሶ ከሆነ ግን ባሕር ዛፉን ብቻ መቁረጥ ምንጩን አይመልሰውም።

ከመሥራታችሁ በፊት በየካቲት ወይም በመጋቢት ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በ80 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ሩብ ሊትር ነው፤ በቀን 21,600 ሊትር። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብንይዝ ለ864 ሰው ይበቃል ማለት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ያህል የሚፈስሰው ብቻ 9,000 ሊትር ስለሆነ 10 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ ብትሠሩ ጠዋት ሰልፉ ያጥራል።

ሲጎለብት ዋናው ስሕተት መውጫ ቱቦውን ውኃው በተፈጥሮ ከሚወጣበት ከፍታ በላይ ማድረግ ነው። ውኃው ይታፈናል፣ በሌላ በኩል ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል፤ ኮንክሪቱ ባዶውን ይቀራል። ተከትላችሁ እስከ ጠንካራው ንጣፍ ቆፍሩ፣ ዓይኑን በታጠበ ጠጠር ሙሉ፣ በላዩ ሸክላ አፈር ጠቅጥቁ፤ መውጫው ከዓይኑ በታች ይሁን፣ የትርፍ ውኃ ማስወጫም አይርሳ። ከላይ በኩል 10 ሜትር ርቆ የጎርፍ ቦይ፣ ዙሪያውን አጥር።

ከጅማ፣ መንደራ፦ የጓሮ ጉድጓድ ውኃ ከሽንት ቤት ስንት ሜትር ይራቅ?

ቢያንስ 30 ሜትር፤ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ በላይ በኩል አይሁን። የጎረቤትንም ሽንት ቤት ቁጠሩ፤ የከርሰ ምድር ውኃ አጥር አያውቅም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል ክረምት ላይ ከውኃው ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ ካልሆነ ርቀቱ ብቻውን አያድናችሁም።

ከጅማ፣ ቦዬ አካባቢ፦ ረግረጉን አጠንፍፈን በቆሎ ብንዘራ ምን ይጎዳል? መሬቱ ለም ነው።

ለምነቱ እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ምርትም ጥሩ ይሆናል። ግን ለም ያደረገው ውኃው ነው። ረግረግ ክረምት ላይ ጎርፉን ተቀብሎ ያዘገያል፣ ቄጠማው ደለሉን ያጣራል፣ በጋ ላይ ደግሞ ያጠራቀመውን ለወንዙ ይለቃል። ጥልቅ ቦይ ሲቆፈርበት ጥቁሩ አፈር ይደርቃል፣ ይሟሽሻል፣ ዝቅ ይላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቆሎው በበጋ ውኃ ይጠማዋል፣ በክረምት ይሰምጣል። ከታች ያሉ ጉድጓዶችም ቀድመው ይደርቃሉ። ለጉማሬዎቹ መኖሪያ መሆኑን ሳንቆጥር ነው።

መታረሱ ካልቀረ በኢሉባቦር ገበሬዎች ዘንድ የቆየውን ጥንቃቄ ያዙ። የረግረጉ ራስ፣ ምንጮቹ ዙሪያና መውጫው አይነካ። ቦዩ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይጥለቅ፤ ዘሩ እንደበቀለ አፉን በአፈር ድፈኑትና እርጥበቱን ያዙ። ከአጨዳ በኋላ ቄጠማው እንዲመለስ መሬቱን አሳርፉት። ባሕር ዛፍ በፍጹም።

ከሊሙ ኮሳ፦ ከጥቅምት ጀምሮ ወንዛችን ይሸታል፣ ዓሣውም ይሞታል። የእሸት ቡና ማጠቢያው ነው ይባላል። ውኃ እየፈሰሰ ራሱን ያጠራ የለም?

ያጠራል፤ ግን ጊዜና አየር ሲያገኝ ነው። የቡናው ገለባና ሙጫ ስኳር አለው፤ ውኃ ውስጥ ሲቦካ ተሕዋስያኑ ኦክሲጅኑን ይጨርሳሉ፣ ውኃውም ይኮመጥጣል። ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። የማጠቢያው ወቅት የሚገጥመው ዝናቡ አቁሞ ወንዙ ሲያንስ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል፤ በነሐሴ ተበርዞ የሚያልፈው ቆሻሻ በኅዳር መላውን ወንዝ ይሞላዋል። ገለባው ከውኃው ተለይቶ ለማዳበሪያ ይከመር፤ ውኃው ወንዝ ሳይገባ በተከታታይ ገንዳዎች ይረፍ፣ መፈልፈያው ውኃ ቆጣቢ ይሁን፣ ያጠበውም ውኃ ደግሞ ይሥራ። ቀበሌው ማጠቢያውን ይህን የመጠየቅ መብት አለው፤ ከወቅቱ በፊት፣ በነሐሴ ጠይቁ።

ከሰቆሩ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፦ የወንዝ ድንጋይ ለምን ድቡልቡል ይሆናል? የጊቤን ሸለቆስ እውነት ወንዙ ነው የቆፈረው?

አዎ፣ ወንዙ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የጠየቅሽው ድንጋይ ነው። ንጹሕ ውኃ ብቻውን ጥቁር ድንጋይ ቶሎ አይበላም። ሙላት ሲመጣ ግን ወለሉ ላይ ያለውን ድንጋይና አሸዋ ያንከባልላል፤ ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ ጠርዙ ይሰበራል፣ ይለሰልሳል፣ እግረ መንገዱንም ወለሉን ይፈገፍጋል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት ወደ 64 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ አብዛኛው ቁፋሮ የሚሠራው በዓመት ውስጥ በጥቂት የሙላት ቀናት ነው፤ በጥር የምታዪው ጸጥ ያለ ወንዝ መሣሪያውን አስቀምጦ ያረፈ ነው።

የደጋው ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ ዕድሜው በ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይቆጠራል። መሬቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዞቹ ዝቅ ወዳለው ወደ ቱርካና በኩል እየወረዱ ቆፈሩት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ጊቤን የሚሻገርበት ድልድይ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ደለሉስ ወዴት ይሄዳል ካልሽ፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ታገኚዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ይህ 184 ሜጋ ዋት ጣቢያ ውኃውን ሲያቆመው ወንዙ የሚሸከምበት ጉልበት ያልቃል። መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ሐይቁ አፍ ላይ ይጥላል፤ ደቃቁን ጭቃ ብቻ ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን በቤትሽ መሞከር ትችያለሽ። በጠርሙስ ውኃ ውስጥ አንድ እፍኝ የወንዝ ዳር አፈር ጨምሪ፣ ነቅንቂው፣ አስቀምጪው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ቀይ ውኃ ግን በማግሥቱም ላይጠራ ይችላል።